ላይ ስድስት ትንፋሽ፣ ታች አምስት

ቃልኪዳን የአየርን ንብርብሮች የሣለችው ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ቀድዳ፣ ውስጡን ገልብጣ ነው። ያን ቀን ከአርባ ምንጭ ሙዝ ይዤላት ጨንቻ ወጥቼ ነበር። ቃልኪዳን የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ለሥራ አረብ አገር ስትሄድ ገና ድክ ድክ ትል ስለነበር ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ «እማዬ» ነው የምትለኝ። አሁን ደጋ አግብታ እዚያው ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ታስተምራለች። ባሏ አዲስ አበባ ሽመና ላይ ስለሆነ የምትኖረው ከአማቷ ከዘነበች ጋር ነው። ከረጢቱን መሬት ላይ ዘርግታ፣ እንዳይጠቀለል አራቱን ጫፍ በአራት ድንች አስይዛ፣ በቀይ ማርከር መስመር በመስመር ላይ ትደርባለች። የስምንት ወር ልጇ ምሕረት ጭኔ ላይ ሆና የነጠላዬን ጥለት ትጠባለች። እኔ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሥዕሉን አይደለም፤ ሽታውን ነው። የሲሚንቶ ወረቀት ሽታ ደረቅ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አቧራ ይመስላል። ያ ሽታ ሃምሳ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስደኛል። መሄድ የማልፈልግበት ቦታም ያደርሰኛል።

«ይኼ የታችኛው ትሮፖስፌር ይባላል» አለችኝ፣ ያልጠየቅኋትን። ለተማሪዎቿ ልታስረዳ በኔ ላይ መለማመዷ ነው። «ደመናውም ዝናቡም ነፋሱም እዚህ ውስጥ ነው፤ እኛም። ከሱ በላይ ስትራቶስፌር አለ፤ የፀሐይን ክፉ ጨረር የሚይዝልን ኦዞን እዚያ ነው። ከዚያ ሜዞስፌር፤ ከሰማይ የሚወረወሩት ድንጋዮች እዚያ ነድደው ያልቃሉ። ከዚያ ቴርሞስፌር። ከዚያ ኤክሶስፌር። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ፎቅ ለማን ነው የሠራው? ሁላችንም ምድር ቤት ታጭቀን!» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ጥግ ላይ አንድ ክብ ሣለች፣ ልክ እንደ ድፎ ዳቦ፣ ቆራረጠችውም። ከመቶው ሰባ ስምንቱ ናይትሮጅን ነው። ሃያ አንዱ ኦክስጅን ነው። የቀረችው አንድ ቁራሽ ለአርጎንና ለነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትበቃለች።

«ሰባ ስምንቱ ምን ይሠራል?»

«ለትንፋሻችን? ምንም። ይገባል፣ ይወጣል።»

«ትልቁን ድርሻ ይዞ ምንም የማይሠራ በየዕድሩም አይጠፋም» አልኩ። ግን ነገሩ ያዘኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የድርሻ ነገር ሲነሳ ግን ከማንም አላንስም። ሥጋ በቅርጫ ሲከፋፈል የኔ ዓይን ካላየው መደብ አይነሳም፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ጠየቅኋት፤ «ይህ ሃያ አንዱ ለታቹም ለላዩም ሰው እኩል ነው?»

«እኩል ነው። አባያ ዳርም ሆንሽ ጉጌ ተራራ ጫፍ፣ ከመቶው ሃያ አንድ ነው።»

«ጌታ ይመስገን! አንድ ነገር እንኳ በትክክል ተካፍሏል።»

«ቆይ፣ እማዬ» አለች፣ ማርከሯን እየከደነች። «ድርሻው እኩል ነው። ዳቦው ግን እኩል አይደለም። አየር ክብደት አለው። አያቴ ጥጥ ጆንያ ውስጥ ሲጠቀጥቅ ትዝ አይልሽም? የታችኛው በላይኛው ክብደት ይጠብቃል፤ ከላይ ያለው ልል ነው። አየርም እንደዚያ ነው። ሽቅብ በወጣሽ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። በግርድፉ ሳስበው፣ አርባ ምንጭ አምስት ጊዜ የተነፈስሽውን ያህል ለማግኘት እዚህ ስድስት ጊዜ መተንፈስ አለብሽ። ጤነኛ ሰው ይለምደዋል፤ አይታወቀውም።»

«ጤነኛ ያልሆነስ?»

«ጤነኛ ያልሆነማ ይቸገራል።» ይህን ብላ ወደ ሥዕሏ ተመለሰች። እኔ ግን ምሕረትን ከደረቴ አስጠጋሁና ትንፋሿን አዳመጥኩ። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ ቃልኪዳን። «ምንም። ሙዙ እንዳይጨፈለቅ አንሺው» አልኳት።

የሲሚንቶ ሽታ ለኔ የወጣትነቴ ሽታ ነው። ከዶርዜ ሙሽራ ሆኜ ወደ አርባ ምንጭ ስወርድ ሴቻ፣ የከተማው የላይኛው ሰፈር፣ ገና እየተሠራች ነበር። ጉብታው ላይ ቢሮው፣ መኖሪያው፣ ሆቴሉ አንድ በአንድ ይበቅላል፤ ታች ሲቀላ ሰፈር ሆነን ቀና ስንል ነጭ አቧራ ሰማዩ ላይ ተንጠልጥሎ እናያለን። የሲሚንቶ ወረቀት የማይገባበት ነገር አልነበረም። ስኳር ይጠቀለልበታል፣ ደብተር ይለበድበታል፣ የጭቃ ግድግዳ ይለጠፍበታል። የኔ ቤት ግድግዳ በሙሉ እሱ ነበር። ባሌ የሽመና ዕቃውን ማንጎ ዛፍ ሥር ተክሎ፣ እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ ቆፍሮ፣ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ሲያስሮጥ ይውላል። እኔ እፈትላለሁ። ሙዝ አንዱ እጅ በስሙኒ ነበር። ከጫሞ የወጣ፣ ጅራቱ ከቅርጫት የሚተርፍ አሳ በሃምሳ ሳንቲም ይገዛል፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ ቅርፊቱንም አያስሸትቱህም። አበባ ያለበት አንድ የቴትሮን ቀሚስ ነበረኝ፣ ብርቱካናማ፤ ስራመድ ይንሿሿል። ኮንጎ ጫማዬ ደግሞ የቆላው ፀሐይ ሲያገኘው እግር ይቀቅላል፤ መሀል መንገድ ላይ አውልቄ ጭንቅላቴ ላይ አደርገውና በባዶ እግሬ እሮጣለሁ።

ወደ ገበያው በሚታጠፈው ጥግ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበር፣ ሬዲዮ ያለው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘፈን እዚያ በረንዳ ላይ ይፈስሳል፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች በጠረጴዛ ላይ ምቱን ይመታሉ። ባለቤቱ ታዲያ ሻይ ሳይገዛ የቆመ ሰው ካየ ሬዲዮውን ይዘጋል። አንድ ቀን የፈተልኩትን ተሸክሜ ቆሜ ስሰማ ቀጭ አደረገው። «አንቺ ሴትዮ፣ ዘፈኑ ከሻይ ጋር ነው» አለኝ። «ድምፁ አየር ላይ ነው፤ አየሩን ደግሞ አንተ አላፈላኸውም!» ብዬ ብጮህበት ሾፌሮቹ በሳቅ ወደቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያየኝ ድምፁን ከፍ ያደርገው ነበር። አሁን በዚያ ጥግ ላይ ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች ተቀምጠዋል፤ ዘፈኑ ከየሱቁ ስለሚጮህ የትኛውንም አልሰማውም።

ያን ጊዜ ደጋው ሰው ቆላን እንደ ጅብ ጉድጓድ ይፈራ ነበር። ለገበያ ይወርዳል፤ ጥጥና በርበሬ ገዝቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽቅብ ይሮጣል። «የቆላ አየር ይበላል» ይባላል። የሚበላው ቢምቢ እንደሆነ ማን ነግሮን? ሁሉን ነገር አየር ላይ ጫንነው። ታች የሰፈርን የደጋ ልጆች፣ ልጅ ትኩስ ትኩስ ባለው ቁጥር «አየር ቀይሪለት» እንባባላለን፤ ሽቅብ የወጣ ይድናል። እውነትም ከወባ ዘመን ሸሽቶ ወጥቶ የተረፈ ነበር። ስለዚህ ለወባ የሠራ ለሁሉ የሚሠራ መሰለን። ሆድ ቢያመው ሽቅብ። ሳል ቢይዘው ሽቅብ።

የመጀመሪያ ልጄ ጌታሁን ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሳል ያዘው። ሳሉ ወደ ደረቱ ወረደ። መርፌውን በጋዝ ምድጃ ላይ የሚቀቅል አንድ ድሬሰር ነበር፤ ጆሮውን ከልጁ ጀርባ ላይ አስደግፎ ብዙ ቆየና፣ «እዚሁ ይቆይ። ጠዋትና ማታ እወጋዋለሁ። ሽቅብ እንዳታወጪው» አለኝ። እኔ በማግሥቱ ልጁን በነጠላ አዝዬ፣ ለሾፌሩ አንድ ብር ከፍዬ፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወጣሁ። ለምን ስባል ሃምሳ ዓመት የሰጠሁት መልስ አንድ ነው፤ «አማቴ አምጪው ብላ ላከችብኝ።» መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ላቤ ደረቀ፣ የኔ ትንፋሽ ቀለለኝ። የኔ ስለቀለለኝ የሱም የቀለለው መሰለኝ። ቀርከሃው የሚጀምርበት ጠመዝማዛ ላይ ነጠላውን ገልጬ ሳየው ከንፈሩ ጠቁሮ የዶቅማ ፍሬ መስሏል። ሦስተኛው ቀን ላይ አማቴ ቤት ሞተ።

ባሌ ከእናቱ ጋር ተጣላ፤ እኔም አልናገራትም አልኩ። ሽማግሌዎች በሸንጎው ሜዳ ላይ ተቀመጡ። በኛ በጋሞ ደንብ የበደለ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል፤ ያ ሣር ከተያዘ ወዲያ ቂም የያዘ ሰው ራሱ በደለኛ ነው። አማቴ ሣሩን ይዛ፣ በዚያች በቀጭን አንገቷ አጎንብሳ፣ እኔ እግር ሥር ተንበረከከች። ይቅር አልኳት። ሰው ሁሉ ታሪኩን እንዲህ ያውቀዋል፤ ልጆቼም፣ የልጅ ልጆቼም፣ የጸሎት ቡድናችንም። ስናገረው ሁልጊዜ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ቃልኪዳን ያን ሥዕል ከሣለች ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «እማዬ፣ ምሕረት ትንፋሽ አጥሯታል» አለች፤ ከድምጿ በስተኋላ የልጅቷ ትንፋሽ ይሰማኛል፣ አጭር አጭር፣ እንደ ደከመ ቡችላ። ደጋ ያለው ሐኪም አይቷታል። የሳንባ ምች ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ኦክስጅን ስለሚያስፈልጋት ዛሬውኑ አርባ ምንጭ ትውረድ ብሎ ወረቀት ጽፏል። «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» ስላት፣ «አማቴ...» ብላ ተወችው። ገባኝ። ነጠላዬን ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ሽቅብ ስንወጣ ጆሮዬ ጧ አለ፤ እኔ ግን ያን ጊዜም የምሰማው ያንኑ ትንፋሽ ነበር።

ስገባ ምሕረት በዘነበች ጭን ላይ ናት። ልብሷን ገልጬ አየሁ። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ ሥር ሆዷ ይሰረጉዳል፤ የአፍንጫዋ ቀዳዳ እንደ ሮጠ ፈረስ ይከፈታል። ዓይኗ እኔን አየኝ፤ ለማልቀስ ግን ትንፋሽ አልነበራትም።

«ዘነበች፣ ወረቀቱ የት አለ?»

«መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አድርጌዋለሁ፣ እማማ። እየጸለይንበት ነው።»

«ወረቀቱ 'ጸልዩበት' ይላል እንዴ?»

«እማማ፣ እርስዎ እራስዎ የደጋ ልጅ ነዎት» አለች ዘነበች፤ እሷም ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳላየች ዓይኗ ይናገራል። «የታመመ ልጅ ቁልቁል ይወሰዳል? ወደ ወባ? ወደ ሙቀት? ሰው ሲታመም ሽቅብ ነው። ሐኪሙ የሌላ አገር ሰው ነው፤ አየራችንን አያውቅም።»

ወደ ቃልኪዳን ዞርኩ። ግድግዳው ላይ ተደግፋ ጣቶቿን ትነክሳለች። «አንቺስ? ያ ሥዕልሽ የት ሄደ? ላይ ስድስት፣ ታች አምስት ያልሽኝ?»

ደንግጣ አየችኝ። «እማዬ... ያ እኮ ለፈተና ነው» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ገና ሰማችው መሰለኝ፤ አፏን በእጇ ያዘች።

ያኔ ጮህኩ። የጎረቤት ዶሮ እስኪበረግግ ጮህኩ። ዘነበች ግን ንቅንቅ አላለችም። «ይጩሁ» አለችኝ። «እውነቱን ልንገርዎት? እኔ የምፈራው ወባን ብቻ አይደለም። ልጄ እዚህ የለም። እሺ ብዬ ልኬያት መንገድ ላይ ብትሞት ሣር ይዤ የምንበረከከው እኔ ነኝ። በዚህ አገር ልጅ ሲሞት የሚወቀሰው አማት ነው። ይህን ያስተማሩን ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ ስንት ጊዜ ነገሩን! 'አማቴ ከሐኪም አፍ ነጥቃ ሽቅብ አስወጣችው' እያሉ። እዚሁ ቤቷ ብትሞት ግን የጌታ ፈቃድ ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ያቺ የኔ ቃል ሃምሳ ዓመት ዞራ፣ ተመልሳ፣ የዚህችን ልጅ መንገድ ዘግታ ቆማለች። የምሕረትን ትንፋሽ ቆጠርኩ። ሳወራም እቆጥር ነበር።

«አማቴ አምጪው አላለችም» አልኩ።

«ምን?»

«አላለችም። ልጁ መታመሙን ሰምታ በሸማኔ የላከችብኝ 'ሐኪም ካለ እዚያው ይሁን' የሚል ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ብዬ የወጣሁት። ስደርስ ጭሱ እንዳያፍነው እሳቷን አጠፋች። በዚያ ብርድ ሦስት ቀን እሳት አልነደደም፤ ልጁን የቆየው የጭስ ሽታ ከማይደርስበት ከዝቅተኛው ማዕዘን አስተኝታ፣ የራሷን ቡልኮ አልብሳው፣ እሷ እየተንቀጠቀጠች ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን 'ልጄ፣ ይህ አየር አልተቀበለውም፤ ይዘሽው ውረጂ' አለችኝ። መውረድ ማለት ተሳስቻለሁ ማለት ነበር። አልወረድኩም። በሸንጎው ቀን 'ማን አምጪው አለሽ?' ሲሉኝ ጣቴን ቀሰርኩባት። አየችኝ። ከዚያ ምንም ሳትል ሣሩን ነቀለች።»

ዘነበች ምሕረትን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ፣ «ለምን ዝም አለች?» አለችኝ በዝግታ።

«ልጅ የሞተባትን ሴት በሰው ፊት ውሸታም ላለማድረግ ይመስለኛል። አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም። ሞታለች።» ተነሳሁ። «ስሚኝ ዘነበች። ልጅቷን የማወርዳት እኔ ነኝ። ክፉ ነገር ቢመጣ ሣሩን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ቃልኪዳን ምስክር ናት። ልጅሽ አንቺን አይጠይቅሽም። አሁን ወረቀቱን ስጪኝ።»

ዘነበች መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠች። ወረቀቱን ለኔ አልሰጠችኝም፤ ጡቷ ሥር ወሸቀችው። ምሕረትን በጋቢዋ ጠቀለለችና፣ «እኔም እወርዳለሁ» አለች።

ሚኒባሱ ውስጥ አሥራ ስድስት ሰው ነበርን፤ ሁሉም መስኮት ተዘግቷል። እንደምታውቁት የኛ ሰው ሞትን ከሚፈራው በላይ በመስኮት የሚገባ ነፋስን ይፈራል። «መስኮት ክፈቱ፣ ልጅ ታማለች» አልኩ። ከፊቴ የተቀመጠው ባለ ጋቢ ሰውዬ ሳይዞር፣ «ነፋስ ይመታናል፣ እማማ» አለ።

«የምመታህ እኔ ነኝ፣ ነፋስ አይደለም! አሥራ ስድስት ሰው አንድ አየር እየተቀባበለ፣ ይህች ልጅ ድርሻዋን ከየት ታምጣ?»

«ይክፈቱላቸው ጎበዝ» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፤ «አለበለዚያ መሪውን ሊቀሙኝ ነው።» ሰውዬው እያጉረመረመ ከፈተ፤ ጋቢውን ጆሮው ድረስ ተከናነበ። ከዚያ ምሕረትን ዞር ብሎ አየ። የወዲያኛውንም መስኮት ተነስቶ ራሱ ከፈተው።

ቀርከሃው የሚያልቅበት ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ጋቢውን ገለጥኩ። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ያ ቀለም ነበር፤ ዶቅማ ገና መብሰል ሲጀምር ያለው። ቃልኪዳን አየችው። «እማዬ፣ ስንት ቀረን?» አለችኝ፤ እሷ መንገዱን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። ከዚያ ጀምሮ በየጠመዝማዛው ቆጠርኩ። ትንፋሿን፣ መታጠፊያውን፣ ከዚያ ደግሞ ትንፋሿን። ተዓምር አልነበረም፤ ሆዷ እንደተሰረጎደ ነበር። አባያ ቡናማ ሆኖ ብቅ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ ጫሞ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የምንለው ቀጭን መሬት። ሙቀቱ በመስኮቱ ገብቶ ፊቴን መታኝ። በወጣትነቴ እንደ ጠላት የሸሸሁት ሙቀት ነው፤ ያን ቀን አፌን ከፍቼ ጠጣሁት። ዘነበች ግን ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ቆላ ካደረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል።

ሆስፒታል እንደገባን ምሕረት ጣት ላይ ኦክስጅኗን የምትለካ፣ መቆንጠጫ የመሰለች ዕቃ አደረጉላት። ሰማንያ ሁለት ይላል። ነርሷ ስታየው ፊቷ ስለተለወጠ፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አስገብታ ለጠፈች። ጥግ ላይ የሚያንጎራጉር ማሽን ነበር። «ይኼ የክፍሉን አየር ይስብና ናይትሮጅኑን ያስቀርልናል፤ ኦክስጅኑን ይሰጠናል» አለችኝ ነርሷ። ሥራ ፈቱን ያስወጣዋል ማለት ነው። ከማሽኑ ሁለት ቱቦ ይወጣል፤ አንዱ ለምሕረት፣ አንዱ ጎኗ ለተኛ ወንድ ልጅ። በየቱቦው መነሻ የመስታወት ቀሰም አለ፣ ውስጡ በሚሰጠው ኦክስጅን ልክ ከፍ ዝቅ የምትል ትንሽ ኳስ ትንሳፈፋለች። የኛ ኳስ ዝቅ ብላለች፣ የሱ ከፍ ብላለች። ወዲያው አየሁት፤ ዓይኔ ለዚያ የተሠራ ነው።

«እህቴ፣ አንድ ማሽን ለሁለት ከሆነ የኛ ለምን አነሰ?»

«እሱ የባሰበት ነው፣ እማማ» አለች፣ ምንም ሳትቆጣ።

ልጁን አየሁት። ከንፈሩ ሙሉ ዶቅማ ነበር። እናቱ፣ ከኔ ቀሚስ ሌላ ምንም የማታይ ይመስል፣ ጫፉን እያየች ተቀምጣለች። እኔም ተቀመጥኩ። ስለ ድርሻ ጠይቄ ሳልከራከር የተቀመጥኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ከያዝኩት ሙዝ ለሴትየዋ ሰጠኋት፤ አልበላችም፣ ግን በእጇ ያዘችው።

ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ አምስት። አራት ቀን እንዲህ ኖርን። ዘነበች ማሽኑ ድምፁን በቀየረ ቁጥር ትነሳለች፤ እኔ መብራት ጭል ጭል ባለ ቁጥር እነሳለሁ። በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዘጠና ሦስት አለ፤ ምሕረት እናቷን ፈልጋ ጮክ ብላ አለቀሰች። ለማልቀስ የሚበቃ ትንፋሽ አገኘች ማለት ነው። ዘነበች ክንዴን እስኪያመኝ ጨበጠችኝ። የጎኑም ልጅ እየተሻለው ኳሱ ዝቅ ማለት ጀምሮ ነበር።

ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ደጋ እንድትመለስ አልፈቀድኩም። አንድ ወር ሲቀላ እኔ ዘንድ ከረመች፣ አጎበር ውስጥ። አሁን ወጥታለች፤ ቤታቸው ነው፣ ምን አደርጋለሁ። ክረምቱ እየገባ ነው። ቃልኪዳን ስትደውል መጀመሪያ ስልኩን ከልጅቷ አፍንጫ አስጠጊልኝ እላታለሁ፤ ሳትስል እስከ ሃያ ከቆጠርኩ በኋላ ነው ሰላምታ የምሰጠው። «እማዬ ደህና ናት እኮ» ትለኛለች። ደህና መሆኗን እኔ ልወስን።

ምሕረትን ይዘው የወጡ ጊዜ እኔም አብሬ ወጣሁ። ጠዋት ከአባያ ዳር እርጥብ ሣር ነቅዬ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ፣ ውኃ እያርከፈከፍኩ ይዤው ነበር። ዘነበች ወደ አማቴ ቦታ ወሰደችኝ። የደጋው የቀርከሃ ቤት ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ያጥራል፤ የአማቴ ቤት እንዲህ እያጠረ እያጠረ ከመሬት ገብቶ፣ በቦታው ላይ እንሰት ቆሟል። ልጁን ዝቅ አድርጋ ያስተኛችበት ማዕዘን የት እንደነበር በግምት ነው ያገኘሁት። ያን ጊዜ ሸንጎ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ትንሹ የነበረው በሕይወት አለ፤ እሱን አስጠራሁት፤ ምርኩዙን ተደግፎ መጣ። ዘነበችና ቃልኪዳን ከኋላዬ ቆሙ፤ ምሕረት በእናቷ ጀርባ ላይ ናት።

«ሣሩን ማን ይቀበልሻል? እሷ የለች» አለኝ ሽማግሌው።

«ስማኝ ብቻ፣ አንተ ያን ቀን ነበርክ» አልኩት።

ተንበረከክሁ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎ ቆይቶ ነው መሬት የነካው። ሣሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ዳገቱ አድክሞኝ ነበርና ድምፅ አልወጣም። ተነፈስኩ። እንደገና ተነፈስኩ። ታች ቢሆን ይበቃኝ ነበር። አምስት ጊዜ ሳብኩ፤ ማንም አልቸኮለም፤ ምሕረት ከኋላዬ አንዴ ሳለችና ተወችው። በስድስተኛው ቃሉ መጣ።

«አማቴ» አልኩ፣ «አንቺ አላልሽም። እኔ ነኝ።»